ጥቆማ፦ ለጥምቀት ዲጂታል ወይስ አናሎግ የእጅ ሬዲዮ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጎንደሮች። ለጥምቀት አስተባባሪዎች የእጅ ሬዲዮ ልንገዛ ነው። የተዋስነው ዲጂታል ፒያሳ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ ግን ሮቦት ይሆንና ጭራሽ ዝም ይላል። አናሎግ ይሻለን ይሆን?

የአራዳ ልጅ፦ ፒያሳ ካለው ደንበኛዬ ውጭ እንዳትገዢ። እቃ ያውቃል።

አዘዞ፦ ሱቅ አትበሉኝ! እኔ የገዛሁት ባትሪው በሳምንቱ አበጠ። ስመልሰው «ጥለኸው ነው» አለኝ። ዋስትናው እስከ በሩ ድረስ ነው መሰለኝ።

ማራኪ፦ የት ሱቅ ነው?

አዘዞ፦ ስም አልጠራም። ባትሪው ግን እንደ አምባሻ ነው የተነፋው።

የአራዳ ልጅ፦ የኔ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም።

አዘዞ፦ ሚዜው ነህ እንዴ?

ቀበሌ 09፦ በስልክ አትደዋወሉም?

ጠያቂ፦ በጥምቀት ቀን? ኔትወርክ ካገኘህ ደውልልኝ 😂

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ማንም አልመለሰልሽም። ሬዲዮው ዲኤምአር የሚባለው የዲጂታል ዓይነት ከሆነ፣ ሱቅ ብትቀይሪም ኮዴኩ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚያጠብበው ዘዴ፣ ያው ኤኤምቢኢ ፕላስ ቱ የሚሉት ነው። ድምፅሽን በ20 ሚሊሰከንድ እየቆረጠ ወደ 49 ቢት (0 ወይም 1) ያጠብበዋል። 23 የስህተት ማረሚያ ቢት ይጨምርበትና 72 ይሆናል። ማረሚያው ግን ለሁሉም አይዳረስም። ዋና ዋናዎቹ 24 ቢቶች ይጠበቃሉ፣ ቢበላሹ ብዙም የማይጎዱት 25ቱ ራቁታቸውን ይሄዳሉ። ስህተቱ ከማረሚያው አቅም ሲያልፍ ሬዲዮው ያለፈውን ቁራጭ ይደግማል። ሮቦቱ ባብዛኛው እሱ ነው። ከባሰ ይዘጋዋል። አናሎግ እየሻከረ ነው የሚሄደው፤ ጆሮ ከሰጠሽው በጫጫታ ውስጥም ቃል ትለቅሚያለሽ።

ማራኪ፦ ከበሮ አጠገብ ስናወራስ ለምን ይንተባተባል? ሲግናሉ ሙሉ ነው።

ጠጋኙ፦ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ኮዴኩ የሰው ንግግር ነው የሚጠብቀው፤ ከበሮና እልልታ ሲቀላቀልበት ግራ ይጋባል። ጀርባችሁን ለከበሮው ሰጥታችሁ ማይኩን ወደ አፍ አስጠጉ። ጠያቂ፣ ሁለቱንም የሚሠራ ሬዲዮ ያዢና ሮቦት የሚሆንበት ቦታ ላይ ቆመሽ እየቀያየርሽ ስሚው። የሬዲዮ መጠቀሚያ ፈቃዱንም አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አዘዞ፦ ባትሪውንስ ማን ይፈትሽላት?

የአራዳ ልጅ፦ የኔ ሰውዬ ፊትሽ ይፈትሽልሻል። እሁድ ግን ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ድረሺ።