ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ ከሌለው ሂሞግሎቢኑን ማን ሠራለት?

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቀን እየሠራሁ ማታ ነርሲንግ እማራለሁ። ትናንት መምህራችን የፕሮቲን መመሪያው ዲኤንኤ ላይ ነው፣ ዲኤንኤው ደግሞ ኒውክለስ ውስጥ ነው አለን። እሺ። ባለፈው ሴሚስተር ግን ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም ተብለን ተፈትነንበታል። ታዲያ ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን፣ ያ ሁሉ ሂሞግሎቢን፣ ከየት መጣ? እጄን ሳወጣ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ታክሲ ውስጥ ሳስበው ጭራሽ ተምታታብኝ።

ባዮ ሰው፦
መቅኔ ውስጥ እያለ ኒውክለስ አለው። ሂሞግሎቢኑን ሠርቶ ኒውክለሱን ይጥላል። አለቀ።

ላቦራቶሪዋ፦
ወንድሜ ባዮ ሰው፣ አላለቀም። ኒውክለሱ ከወጣም በኋላ ሥራው ትንሽ ይቀጥላል።

መቅኔ ውስጥ ያለው ለጋ ሴል የግሎቢንን (የሂሞግሎቢን የፕሮቲን ክፍል) ጂን ይገለብጣል። ግልባጩ ኤምአርኤንኤ ይባላል። ከኒውክለስ ወጥቶ ፕሮቲን ሠሪው ራይቦዞም ዘንድ ይሄዳል። ራይቦዞሙ ሦስት ሦስት ፊደል ያነባል፣ ቲአርኤንኤ ደግሞ ለየሦስቱ ፊደል ተገቢውን አሚኖ አሲድ ያቀብለዋል። አንዱን ከአንዱ እየቀጠለ ይሄዳል። ያለቀለት የቤታ ሰንሰለት (አንዱ የግሎቢን ዓይነት) 146 አሚኖ አሲድ አለው። የጓደኛህን ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርገህ ብትመልስለትም ማጥናትህን አታቆምም አይደል? ሴሉም እንደዚያው ነው። ኒውክለሱ ሲወጣ ግልባጩና ራይቦዞሙ ይቀራሉ።

ይህን በዓይኔ አየዋለሁ። ደሙን ኒው ሜቲሊን ብሉ ከሚባል ቀለም ጋር ቀላቅዬ 37 ዲግሪ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ስላይድ ላይ በስሱ እስበዋለሁ። በዘይት ሌንስ ሲታይ አብዛኛው ቀይ ሴል ውስጡ ጥርት ያለ ነው። አልፎ አልፎ ግን ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ የተጠላለፈ ክር ያለው ይገኛል። ሬቲኩሎሳይት፣ ባጭሩ ሬቲክ፣ የምንለው እሱን ነው። ክሩ ኒውክለስ እንዳይመስልህ፤ ቀለሙ ያረጋው የራይቦዞም አርኤንኤ ነው። ጤነኛ አዋቂ ላይ ከመቶው ቀይ ሴል አንድ ወይ ሁለት ቢገኝ ነው። ልምምድ ላይ ሳለሁ የቀለም ዝቃጭ ሁሉ ሬቲክ መስሎኝ ቆጥሬ፣ አለቃዬ ከአንድ ጀምሪ አለችኝ። አሁን ቀለሙን ሳላጣራ አልነካውም።

ደም ውስጥ ከገባ በአንድ ሁለት ቀን ክሩ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ፕሮቲን የለም። 120 ቀን ገደማ የሚኖረው በያዘው ስንቅ ነው። ደም ማነስ ሲኖር ሐኪም የሬቲክ ቆጠራ የሚያዝዘውም መቅኔው እየሠራ መሆኑን ለማየት ነው።

የማታ ተማሪ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ሲገለበጥ አንድ ፊደል ቢሳሳትስ?

ላቦራቶሪዋ፦
ግልባጩ ላይ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። ሌሎች ግልባጮች አሉ፣ የተበላሸውም ቆይቶ ይፈርሳል። ጣጣው ስህተቱ ጂኑ ላይ ሲሆን ነው። ያኔ ግልባጩ ሁሉ ያንኑ ስህተት ይዞ ይወጣል። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ተመልከት፦ ቤታ ግሎቢን ጂን ላይ ጂ-ኤ-ጂ የነበረው ጂ-ቲ-ጂ ሆነ። 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ ቀርቶ ቫሊን ገባ። ከእናትም ከአባትም ከተወረሰ፣ ኦክስጅን ሲያንስ ሂሞግሎቢኑ እርስ በርሱ ይያያዝና ሴሉን ማጭድ ያስመስለዋል።

ባዮ ሰው፦
«አለቀ» ያልኩትን አንስቻለሁ 😄 የሬቲኩን ክር እኔም አላውቅም ነበር።