ደሴ ሆኜ ገደል ውስጥ ያለ ሞደም ሲግናሉን እንዴት ልየው?

ሰላም ወገኖቼ፣ ግራ ገብቶኛል። ከኩታበር ወረድ ብሎ ባለ ገደላማ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተክለናል። በየ15 ደቂቃው ንባቡን ሲም ካርድ ባለው ሞደም፣ ማለትም በሞባይል ኔትወርክ ዳታ በሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ይልካል። ከሰዓት በኋላ ግን ድምፁ ይጠፋና ሌሊት ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። የአካባቢው አባቶች «ጉሙ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ጉሙን አልጠረጥርም።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዓት በእግር ወርጄ ላፕቶፔን በኬብል አገናኘሁና የሲግናሉን ጥንካሬ የሚጠይቀውን «ኤቲ+ሲኤስኪው» (AT+CSQ) የሚለውን ትእዛዝ ለሞደሙ ሰጠሁት። «9,99» ብሎ መለሰ። የመጀመሪያው ቁጥር ሲሰላ -95 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል) መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር በሚተላለፈው ዳታ ላይ ያለው የስህተት መጠን አልታወቀም ማለት ነው። አንቴናውን ሸንበቆ ላይ አስሬ ከፍ ሳደርገው የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 14 ከፍ አለ፤ ሸንበቆውን ነፋስ እስኪጥለው ድረስ!

ችግሬ ይህን ከደሴ ሆኜ መከታተል አለመቻሌ ነው። ሞደሙ ያለው አንድ ሲሪያል ፖርት (ትእዛዝም ዳታም የሚያልፍበት መሰኪያ) ብቻ ነው፤ እሱንም የዳታ ግንኙነቱ ይዞታል። ግንኙነቱን ሳላቋርጥ ሲግናሉን የምጠይቅበት መንገድ አለ? አንዱን ፖርት ለሁለት የሚከፍለውን ሲመክስ (CMUX) የተባለ ዘዴ የሞከረ ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳዋቀራችሁት ጻፉልኝ። ያንን ቁልቁለት ዳግም መውረድ ጉልበቴ እንጃ።