አስቸኳይ! ነገ ጋዜጣዊ መግለጫ አለን፣ አንድም ጋዜጠኛ «እመጣለሁ» አላለም

ኢንተርን ከብሔራዊ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40)
ሰላም ለዚህ ቤት። ኧረ ድረሱልኝ። ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ኢንተርን ነኝ። ቢሮአችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ነገ ጋዜጣዊ መግለጫ አለን። ኃላፊዬ ትናንት ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሁሉም ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ግብዣውን ሰኞ ለሁሉም ሚዲያ በኢሜይል ልከናል። የመለሰ የለም። አዳራሽ ተከራይተናል፣ ባነሩ ታትሟል፣ ቆሎና ቡና ታዟል። ሥራ አስኪያጁ በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ «ስንት ቲቪ ይመጣል?» ይለኛል። ጋዜጠኛ እንዴት ነው የሚጠራው? እባካችሁ ቶሎ።

ቀዩ ድስት (9፡44)
ቆሎና ቡና ካለ እኔ እመጣለሁ። ካሜራ የለኝም እንጂ ስልኬ ጥሩ ያነሳል።

ደውሉ ባይ (9፡47)
ኢሜይል ማን ያያል? ደውዪ።

መምህር ከስድስት ኪሎ (9፡55)
እህቴ፣ ጥያቄሽ ከመነሻው የተጣመመ ነው። የሚዲያ ግንኙነት ማለት ጋዜጠኛ «መጥራት» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያው አማካሪ አይቪ ሊ አደጋውን ከመሸፋፈን ይልቅ የሆነውን ጽፎ ለጋዜጦች ሰጠ። ጋዜጠኞቹም ቦታው ድረስ ሄደው እንዲያዩ አደረገ። ኒውዮርክ ታይምስ ጽሑፉን እንዳለ አተመው። ዛሬ ፕሬስ ሪሊዝ የምንለው ነገር ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀመራል። ስለዚህ መሠረቱ ግልጽነት ነው። ሁለተኛው ነጥብ የተገለበጠ ፒራሚድ የሚባለው አጻጻፍ ሲሆን ዋናው ጉዳይ መጀመሪያ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ይከተላል። ሦስተኛው...

ኢንተርን ከብሔራዊ (9፡58)
መምህር አመሰግናለሁ፣ ግን ነገ ነው።

መምህር ከስድስት ኪሎ (10፡01)
ችኮላም የሙያው ጠላት ነው።

ጡረታ የወጣ ሪፖርተር (10፡06)
ልጄ፣ ዋናውን አልነገርሽንም። ምንድን ነው የምታስታውቁት? በስንት ሰዓት? ግብዣውን የላክሽውስ በስሙ ለምታውቂው አዘጋጅ ነው ወይስ ድረ ገጽ ላይ ላገኘሽው አድራሻ? እስቲ የግብዣውን ጽሑፍ እንዳለ እዚህ ለጥፊው።

ኢንተርን ከብሔራዊ (10፡10)
እሺ ጋሼ። ይኸው፦ «ድርጅታችን ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት ለመሥራት የሚያስችለውን የመግባቢያ ሰነድ የሚፈራረም በመሆኑ ሐሙስ 9:00 በስታዲየም አካባቢ በሚገኘው ሆቴል ተገኝታችሁ የዜና ሽፋን እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።» የሆቴሉን ስም እዚህ አጥፍቼው ነው። የተላከው ድረ ገጻቸው ላይ ላለው አድራሻ ነው።

ካሜራ ተሸካሚ (10፡13)
ቆይ፣ 9:00 የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው የከሰዓቱ 9 ሰዓት?

ኢንተርን ከብሔራዊ (10፡14)
የጠዋቱ 3 ሰዓት ነዋ! ቢሮው ሁልጊዜ የሚጠቀመው የእንግሊዝኛ ናሙና ላይ እንደዛ ነው የሚጻፈው።

ካሜራ ተሸካሚ (10፡16)
እኛ ቤት ይሄ ደብዳቤ ቢመጣ የከሰዓት ስምሪት ውስጥ ነው የሚገባው። አማርኛ ደብዳቤ ላይ 9 ሰዓት ያለ ሰው ከምሳ በኋላ ነው የሚጠበቀው። አሁኑኑ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለሽ አስተካክለሽ ላኪ። ያላስተካከልሽው ሌላ ነገር ሁሉ ይቆይ።

ቀዩ ድስት (10፡17)
ጋዜጠኛው 9 ሰዓት ሲደርስ አዳራሹን ሰርገኞች ይዘውታል። እሱም «ሽፋን» ይሰጣቸዋል።

ገበያ ያውቃል (10፡22)
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ለመሆኑ ጋዜጣዊ መግለጫ ለምን አስፈለገ? ሁለት ሰው ተፈራርሞ ተጨባብጦ ፎቶ የሚነሳበት ነገር ዜና አይደለም። በዚህ ከተማ በቀን ስንት የመግባቢያ ሰነድ እንደሚፈረም ታውቂያለሽ? የአዳራሹን ኪራይ ለፌስቡክ ማስታወቂያ ብታደርጉት ይሻል ነበር። ሰርዙት።

ኢንተርን ከብሔራዊ (10፡25)
መሰረዝ እኔ አልችልም፣ ኢንተርን ነኝ እኮ። ደግሞ ዝም ብሎ ፊርማ አይደለም። አራዳና ቂርቆስ ውስጥ ባሉ 12 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልጆች ዓይን በነፃ ሊመረመር ነው። መነጽር ለሚያስፈልገውም በነፃ ይሰጣል። እሱ በሪሊዙ ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ፣ ከሥራ አስኪያጁ ንግግር ቀጥሎ።

ጡረታ የወጣ ሪፖርተር (10፡34)
ሁለተኛ ገጽ! ልጄ፣ ዜናሽን ቀብረሽው ነው የምትፈልጊው። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ አድርጊው፦ «በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች በ12 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ነፃ የዓይን ምርመራ ሊደረግላቸው ነው። የማየት ችግር ለሚገኝባቸው መነጽር በነፃ ይሰጣል።» መቼ እንደሚጀምር ጨምሪበት። ፊርማው ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ይምጣ። ሥራ አስኪያጁ ቢቆጡም ይቆጡ። «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን አውጥተሽ ማን ማን እንደሆኑ በስማቸው ጻፊ።

አሁን ስለ ጥሪው። ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ካሜራ፣ ሪፖርተርና መኪና የሚመደበው በስምሪት ነው። የነገ ጠዋት ስምሪት ብዙውን ጊዜ ዛሬ ማታ ተይዞ ያድራል። ስለዚህ የምትፈልጊው ሰው የምታውቂው ዜና አንባቢ ሳይሆን የዜና ክፍሉ ተረኛ አዘጋጅ ነው። የመንግሥት ሚዲያዎች ደግሞ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይፈልጋሉ። አስፈርመሽ፣ አስመትተሽ፣ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪ። ዋናውን ነገ ይወስዱታል።

ስትደውዪ «ሽፋን ትሰጡናላችሁ ወይ?» አትበዪ። ስምሽንና ድርጅትሽን ተናገሪ፣ የልጆቹን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጨምሪ። ከዚያ «ደብዳቤውን በየትኛው ቁጥር ልላክ?» ብለሽ ጠይቂ። የማታ 2 ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል ግን እንዳትደውዪ። ያን ሰዓት እናቱም ብትደውል አያነሳም።

ደውሉ ባይ (10፡36)
እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ደውዪ።

አራዳው (10፡41)
ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። አበል አዘጋጅታችኋል? የ«ትራንስፖርት» ፖስታ ከሌለ ስምሪት ምናምን ወሬ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም።

ካሜራ ተሸካሚ (10፡43)
ሁላችንንም በአንድ ከረጢት አትክተተን። እኔ ለፖስታ ብዬ ካሜራ ተሸክሜ አላውቅም።

አራዳው (10፡44)
አንተን አላልኩም ወንድሜ።

ጡረታ የወጣ ሪፖርተር (10፡50)
ልጄ፣ ፖስታ እንዳታዘጋጂ። ዛሬ ፖስታ የተቀበለ ነገ በድርጅትሽ ላይ ቅሬታ ሲመጣ ሌላ ፖስታ ይጠብቃል። መኪና ለሌለው ጣቢያ መኪና ልኮ ማምጣትና መመለስ ግን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነው፣ ለሁሉም እኩል ይሁን ብቻ። ቡናውም ምንም ነውር የለበትም።

መምህር ከስድስት ኪሎ (10፡52)
በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። ሦስተኛው ነጥቤም እሱ ነበር።

ካሜራ ተሸካሚ (11፡03)
ከካሜራ ጀርባ ያለ ሰው ምክር ልስጥሽ። ሐሙስ የተወካዮች ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ የሚውልበት ቀን ነው። ነገ ስብሰባ ካለ ካሜራው ወደዚያ ይሄዳል፣ አትከፊ። ካሜራ ባይመጣም ዜናው እንዲሠራ ራስሽ ጥሬ ምስል ቅረጪ። ስልኩን አግድም ያዢው። ልጅ ዓይኑን ሲመረመር፣ መነጽር ሲለካ፣ አስተማሪ ስትናገር። እያንዳንዱን ምስል ሳታንቀሳቅሺ ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዢ። ሙዚቃ አትጨምሪበት፣ ሎጎ አትለጥፊበት። እስከ 6 ሰዓት ከላክሽው ለማታው ዜና ይደርሳል። የልጆቹን ፊት ከመቅረጽሽ በፊት ግን የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። እሱ ከሌለ ከጀርባቸው ቅረጪ።

አዳራሹን ዛሬውኑ ሄደሽ እዪው። ባነሩ ከመስኮት ፊት ከተሰቀለ ተናጋሪው ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚወጣው። ድምፅ ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) በቀጥታ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ቴክኒሻኑን ጠይቂ። አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና መኪና የት እንደሚቆም ደብዳቤው ላይ ጻፊ። ስታዲየም አካባቢ ትሪፖድ ተሸክሞ መኪና ማቆሚያ መፈለግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀዩ ድስት (11፡05)
እኔም ለቆሎው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ኢንተርን ከብሔራዊ (11፡21)
እግዜር ይስጣችሁ። ሪሊዙን አስተካክያለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቢጠቁርም ፈርሟል። አሁን ማህተሙ ጠፋ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቆልፋ ወጥታለች!

አራዳው (11፡22)
ይኼው ነው። አገሩ በማህተም ነው የሚሄደው።

ደውሉ ባይ (11፡23)
ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ደውዪ።

ገበያ ያውቃል (11፡25)
አሁንም ሰርዙት ባይ ነኝ።

ጡረታ የወጣ ሪፖርተር (11፡31)
ማህተሙ እስኪገኝ አትቀመጪ። የግል ሬዲዮኖች ለማህተሙ ያን ያህል አይጨነቁም። ለእነሱ ስብሰባ ከመምጣት የስልክ ቃለ መጠይቅ ይቀላቸዋል። የሚናገረው ሰው ግን ሥራ አስኪያጁ ብቻ አይሁን። ከትምህርት ቤቶቹ አንድ አስተማሪ ወይም ርዕሰ መምህር ፈልጊ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን የምትነግረው እሷ ናት። ጋዜጦቹን ነገ ካላየሻቸው አትደንግጪ። ሪፖርተር፣ ካፒታልና ፎርቹን እሑድ ይወጣሉ፣ ከዝግጅቱ በኋላ ነገውኑ ጽሑፉንና ፎቶውን ላኪላቸው። ለእነሱ ወጪው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ጨምሪ። ያንን ሳትነግሪያቸው አይለቁሽም።

ኢንተርን ከብሔራዊ (ማታ 1፡15)
የመዝገብ ቤቷ ልጅ ከመገናኛ ተመልሳ መጥታ ማህተሙን መታችልኝ! ደብዳቤውን ልኬያለሁ። አንድ ሬዲዮ ነገ በስልክ አስተማሪዋን ሊያናግር ነው። አንድ ቲቪ ደግሞ «ጠዋት እናያለን» አለኝ። ይሄ ምን ማለት ነው? ይመጣሉ ማለት ነው?

ካሜራ ተሸካሚ (ማታ 1፡19)
«ጠዋት እናያለን» ማለት ጠዋት ያያሉ ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደውለሽ አስታውሺያቸው። አንዴ ብቻ።

ደውሉ ባይ (ማታ 1፡20)
ኧረ ሁለቴ ደውዪ።

ቀዩ ድስት (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡02)
እሺ ምን ሆነ? ስንት ቲቪ መጣ?

ገበያ ያውቃል (ሐሙስ፣ 10፡30)
ዝም ካለች የለም ማለት ነው። ብያችሁ ነበር።

ጡረታ የወጣ ሪፖርተር (ሐሙስ፣ 11፡10)
ዝም ካለች ጥሬ ምስል እየላከች ነው ማለትም ይሆናል። ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት።

ተለማማጁ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡15)
ሰላም። እኔም ካዛንቺስ ያለ ቢሮ ኢንተርን ነኝ። ሰኞ ተመሳሳይ ነገር አለብኝ። የሁሉም ሚዲያ ዜና ክፍል ስልክ ያለበት ዝርዝር ያለው ሰው ይኖራል?

ካሜራ ተሸካሚ (ቅዳሜ፣ 4፡40)
አለኝ፣ ግን ያረጀ ነው። አዘጋጆቹ ከጣቢያ ጣቢያ ስለሚዘዋወሩ ግማሹ ቁጥር ሌላ ሰው ጋ ነው የሚጠራው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። መጀመሪያ ግን ደብዳቤህ ላይ ሰዓቱን እንዴት እንደጻፍከው ላክልኝ።