መስቀለኛውን መንገድ አደባባይ ብናደርገው ተሳቢ ይዞርበታል?

የገበያ ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ጀመዓ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ በሚወጣው አስፋልት ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ነኝ። መሀል ከተማ ላይ አራት መንገድ ይገናኛል። ሁለቱ ዋናው አስፋልት ነው፤ አንዱ ወደ ገበያ፣ አንዱ ወደ ትምህርት ቤት ይወስዳል። መብራት የለም፣ ምልክትም የለም። ትራፊክ ፖሊስ ሲቆም ደህና ነው። እሱ ምሳ ሲሄድ ግን ባጃጁ ከገበያ ይወረወራል፣ ቦቴው ከላይ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ተማሪው መሀል ላይ ይቀራል። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ደግሞ ዋዜማውን ከብትና ግመል ይጨመርበታል።

የከተማው ኮሚቴ አደባባይ ይሠራ ብሎ መዋጮ ጀምሯል። መሀሉ ላይ ትልቅ ጀበና ይቁም የሚሉም አሉ። ከበረንዳ እስከ በረንዳ ስንለካው 30 ሜትር ገደማ ነው። ይበቃል? ተሳቢ ይዞርበታል? ፈቃዱስ ከማን ነው?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር
ልጄ፣ ከጀበናው በፊት ተሳቢውን አስቡ። የፊቱ ጎማ ዞሮ ሲያልፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ በዚያው መስመር አይከተለውም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝ ካቆማችሁ ወይ ጎማችን ይቀደዳል፣ ወይ ድንጋዩን ነቅለነው እንሄዳለን። መሀል ላይ በርሜል አቁሞ አደባባይ ነው ማለትም አለ። ማታ ማን ያየዋል? የሚያንጸባርቅ ነገር ይለጠፍበት። ደግሞ ከሩቅ አስጠንቅቁን። ጭኖ ቁልቁል የሚመጣ መኪና ድንገት አፍንጫው ሥር አደባባይ ሲያገኝ ፍሬኑ አይደርስለትም።

መንገድ መሐንዲስ (ደሴ)
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ቁጥሩን ልጨምር። በአሜሪካኖቹ መመሪያ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ከ27 እስከ 55 ሜትር ይፈልጋል። አነስተኛ የሚባለው ከ13 እስከ 27 ነው። ከ30ው ላይ የእግረኛ መንገድ ስትቀንስ 24 ወይም 25 ይቀርሃል። ስለዚህ ያንተ አነስተኛው ነው። የእሱ መሀል ሐውልት አይችልም። ዝቅ ያለ፣ ረጅም መኪና ሲቸግረው ሊወጣበት የሚችል ጉብታ ነው የሚሆነው። ትንሹ መኪና ይዞረዋል፤ ተሳቢው በላዩ ይረግጣል። እንዲህ ያለው ግን ፍጥነት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች በሆነበት ነው የሚሠራው። መጀመሪያ መግቢያዎቹ ላይ ፍጥነት ማብረጃ ያስፈልጋል።

ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ኖራ ግዙ። ክቡን አስፋልቱ ላይ በኖራ አስምሩ፣ ትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ይያዝላችሁ፣ አንድ ባለ ተሳቢ ሹፌር በየአቅጣጫው እንዲያዞር ለምኑ። የኋላ ጎማው ኖራውን የት ላይ እንደሚያጠፋው እዩ። ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ዋናው አስፋልት የፌዴራል ከሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሳያውቅ አንድ ድንጋይ እንዳታኖሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የልኬቱን ንድፍ አያይዙበት።

ሸገር የከረመ
አይ እናንተ! አዲስ አበባ ስንቱን አደባባይ አፍርሳ መብራት ተከለች፤ እናንተ አሁን ልትጀምሩ? እዚያ ሁሉም አፍንጫውን ያስገባል፣ ከዚያ ተቆላልፎ ማደር ነው።

መንገድ መሐንዲስ (ደሴ)
የአዲስ አበባዎቹ ብዙ መስመር ያላቸው፣ መኪናው ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ናቸው። የእናንተ ዓይነት አነስተኛው እንኳ በቀን እስከ 15 ሺህ ገደማ መኪና ያስተናግዳል። በዚህች ከተማ ያን ያህል አያልፍም። መብራትስ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ምን ሊሆን ነው?

መቆላለፉ የሚመጣው ገና ወደ ክቡ የሚገባው መኪና ቅድሚያ ሲወስድ ነው። እንግሊዞችም ይኸው ችግር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ውስጥ ላለው ቅድሚያ ስጡ የሚል ደንብ አወጡ፤ አደባባይ እንደገና ነፍስ የዘራው ከዚያ ወዲህ ነው። አራት መንገድ በሚገናኝበት ተራ መስቀለኛ ላይ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልበት ነጥብ 32 ነው፤ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ። የሚጋጨውም ቀስ ብሎ፣ ጎን ለጎን እየተነካካ ነው። አሜሪካ ውስጥ መስቀለኛው ወደ አደባባይ ሲቀየር ሰው የሚጎዳበት አደጋ ከ72 እስከ 80 በመቶ ቀንሷል። እዚያ ግን ሹፌሩ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህን አልደብቅም።

ባለ ባጃጁ
ወላሂ ግራ ገባኝ። ቅድሚያ ለቀኝ አይደል እንዴ የተማርነው?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር
ምልክት በሌለው መስቀለኛ ላይ ለቀኝ። አደባባይ ላይ ግን ውስጥ ላለው፤ እሱም በግራህ ነው የሚመጣው። ወንድሜ፣ እናንተም ተራ የምትይዙት በትክክል ማዕዘኑ ላይ ነው። አንድ ባጃጅ እዚያ ከቆመ እኔ ምኑ ላይ ልዙር?

መምህርቷ
ስለ መኪናው ብቻ አወራችሁ፤ ልጆቹስ? ዜብራው ከክቡ ጋር አይጣበቅ። አንድ መኪና የሚያህል ወደ ኋላ ይመለስ፤ ሹፌሩ ተማሪውን አሳልፎ ነው ወደ ክቡ የሚያየው። ቦታ ከተገኘ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና የምትለይ ጠባብ ደሴት የዜብራው መሀል ላይ ትሠራ። ልጅ ግማሹን ይሻገርና እዚያ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። ደግሞ የአደባባዩ መሀል ላይ አግዳሚ ወንበርና አበባ የሚል ሰው እንዳትሰሙ። ሰው ፎቶ ሊነሣ አስፋልቱን እያቋረጠ ይገባል።

ከብት ነጋዴ
ከብት አደባባይ አይዞርም፤ አጭሩን ነው የሚሄደው። እኛን ከከተማው ጀርባ ባለው መንገድ አሳልፉን፤ ውኃ የሚጠጣበት ካለ ደስ ብሎን እንሄዳለን።

የገበያ ዳር (ጠያቂ)
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ለኮሚቴው ነግሬያለሁ። ጀበናው መናኸሪያው በር ላይ ይቁም ተባለ፤ አንዳንዶቹ አኩርፈዋል። የባጃጅ ተራው ወደ ገበያው መንገድ ገባ ይላል፤ ማኅበሩ እሺ ብሏል። ደብዳቤው እየተጻፈ ነው። ኖራም ተገኝቷል፤ የቀረን ባለ ተሳቢ ነው። ጋሼ፣ በዚህ በኩል መቼ ያልፋሉ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር
ኢንሻአላህ ሐሙስ ስመለስ። ትራፊኩ ምሳ ሳይወጣ እደርሳለሁ።