የሙላቱን አልበም አዲስ ልበለው ወይስ ሪኢሹ (የድሮ ቅጂ ዳግም ህትመት)? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጃዝ የምትሰሙ ካላችሁ በናታችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። እዚህ ዋሽንግተን አንድ ትንሽ የጃዝ ራዲዮ ላይ በበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አቀርባለሁ፣ እና ሁላችንም የ2025ን ምርጥ 10 አልበም ማስገባት አለብን፣ ዘጠኙን ጨርሻለሁ አንዱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ነው። የወጣው በ2025 ነው፣ ዜማዎቹ ግን የድሮ ናቸው፣ እነ «የከርሞ ሰው» በአዲስ አቀናባበር እንደገና ተቀድተው። አስተባባሪያችን አልበሙ ሪኢሹ ስለሆነ ከድሮዎቹ ጋር አድርገው ካልሆነም ወርልድ ሚውዚክ (የየአገሩ ሙዚቃ የሚመደብበት ዘርፍ) ውስጥ ክተተው አለኝ፣ ይሄ ደግሞ በፍጹም አልዋጥልህ አለኝ። ሪኢሹ ማለትማ እንደ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ «ትዝታ» ነው፣ በ1975 የወጣው ካሴት ራሱ በ2021 እንደገና ሲታተም። ደግሞ እንደ ሙላቱ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረ፣ በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ላይ አልበም ያወጣ ሰው ሥራ ጃዝ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ትናንት ማታ ዕቃ እያጠብኩ ስሰማው ቫይብራፎኑ ገብቶ ክራሩ ከስር ሲመልስለት ቧንቧውን ዘግቼ እጄ አረፋ እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ፣ ያ ድምፅ የድሮ ቅጂ አይደለም።

ራዲዮ ላይ የሠራችሁ ወይ ሙዚቃ የተማራችሁ፣ የድሮ ዜማ በአዲስ ቀረጻ ሲመጣ የት ነው የምትመድቡት? አስተባባሪያችንን የማሳምንበት ነገር ስጡኝ፣ ዝርዝሩን የማስገባው አርብ ነው።