ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሜያለሁ

ደሴ ተቀምጬ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በምናቤ ባቆምኩት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ አስፈሪ ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ብዕሬ አልንቀሳቀስ ብሏል።

ባለታሪኳ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መስኮቱን በሸፈነበት ሌሊት፣ አንድ ወጣት ታካሚ አንገቱ ወደ ግራ ተጠምዞ፣ ዓይኖቹ ጣሪያው ላይ ተሰቅለው ታገኘዋለች፤ አስታማሚ እናቱ ጠበል ይረጩታል። (ይህ ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዳንዶች ላይ የሚያስከትለው የጡንቻ መኮማተር ሲሆን፣ በማርከሻ መድኃኒት ይለቃል።)

ችግሬ እዚህ ላይ ነው፤ ነርሷ ምክንያቱን እያወቀች እንዴት ትፈራለች? እውቀቷን ብደብቅ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል፤ ብገልጸው ደግሞ ፍርሃቱ ይተናል። ታካሚውን ጭራቅ አድርጎ መሳል ቀላሉ መውጫ ቢሆንም፣ በየቤታችን ታማሚ እያለ እኔ አላደርገውም። የሃሎፔሪዶሉን መርፌ የሰጠችው ራሷ መሆኗን የሚገልጽ የእጅ ጽሑፏን መዝገቡ ላይ አግኝታ፣ መስጠቷን ግን ፈጽሞ የማታስታውስ ብትሆን ያስኬድ ይሆን?

በእንዲህ ያለ ክፍል ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ የሠራችሁ፣ በርክክብ ሰዓት የመድኃኒት መዝገቡ በማን እንደሚፈረም ብትነግሩኝ ትዕይንቱን በዚያው ልክ አስተካክለዋለሁ።