ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ አኩፓንክቸር የሞከራችሁ አላችሁ?

የናቲ እናት፦
ሰላም እናቶች። ልጄ 4 አመቱ ነው፣ ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር ሴሬብራል ፓልሲ ነው ተባልን (አንጎሉ ተጎድቶ እንቅስቃሴው ላይ ችግር አለ ማለት ነው)፣ እግሮቹ ግትር ብለው እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ለሀጩ ደሞ ቀኑን ሙሉ ይዝረበረባል አንገቱ ስር ሁሌ ቆስሎ ነው። የሚጥል በሽታም ስላለበት ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ፊዚዮቴራፒ እናመላልሰዋለን። አሁን ጎረቤቴ የቻይና የመርፌ ህክምና (አኩፓንክቸር) አጎቴን አስነስቶታል ውሰጂው አለችኝ፣ አጎቷ ግን ስትሮክ የመታው ትልቅ ሰው ነው። ናቲ መርፌ ገና ሲያይ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ በከንቱ ላስጨንቀው አንጀቴ አይችልም፣ ሳልሞክር ብቀርም ይቆጨኛል።

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይዞሽ እህቴ። እኛ ልጃችንን ለ3 ወር በሳምንት አንዴ ወስደናታል። መርፌው እንደምናውቀው የክትባት መርፌ አይደለም፣ ፀጉር የሚያክል ቀጭን ነው፣ መጀመሪያ አለቀሰች ከዛ ለመደችው። በዛን ቀን ማታ ጥሩ ትተኛለች እግሯም ላላ ይላል፣ በነጋታው ግን ወደነበረበት ይመለሳል። በሱ ምክንያት መራመድ ጀመረች ብዬ አልዋሽሽም። ኢንሹራንሳችንም አልከፈለልንም፣ ብሩ ሲያልቅ ፊዚዮቴራፒውን መረጥን።

ፊዚዮ ነኝ፦
የናቲ እናት፣ ለለሀጭ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ምላስ ላይ መርፌ እየወጉ ሞክረው ለውጥ አየን ብለው 2001 ላይ አሳትመዋል፣ ግን 10 ልጆች ብቻ ናቸው። ለሚጥል በሽታ ደሞ ኮክሬን የሚባለው የህክምና ማስረጃ የሚመዝነው ድርጅት ሰዎች 2014 ላይ ጥናቶቹን ሰብስበው አይተው የሚደግፈው በቂ ማስረጃ የለም ነው ያሉት። ስለዚ ፌኖባርቢታሉን አቁሚ የሚልሽ ካለ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ድንገት ሲቋረጥ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ያመጣል። መሞከር ከፈለግሽ መጀመሪያ ለሀኪሙ ንገሪው፣ ፈቃድ ያለው ሰው ጋ ሂጂ፣ መርፌው ፊትሽ ከእሽጉ ይውጣ ተጠቅሞም ይጣል። ከሱ በፊት ግን እኔን ያሳሰበኝ ዳሌው ነው፣ እግራቸው እንደዛ የሚጠላለፍ ልጆች ዳሌያቸው ሳይታወቅ ቀስ እያለ ከቦታው ይወጣል። ራጅ ተነስቶ ያውቃል?

የናቲ እናት፦
ኧረ በፍፁም፣ ማንም አልነገረኝም! ማክሰኞ ቀጠሮ አለን እጠይቃለሁ። ማሂዬ፣ ሲወጓት ማን ነበር የሚይዛት?

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔው፣ ጭኔ ላይ አድርጌ።